አራስ ቤትና የመስተዋት ሣጥን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በነቀምት መንገድ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው፣ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ 114 ኪሎ ሜትር ያህል ሲደርስ የሚያገኛት የአምቦ ከተማ፣ ከምድር ውስጥ እየፈላ በሚወጣው ውሃዋ የታወቀች በመሆኗ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት «ሀገረ ሕይወት» የሚል ስም ወጥቶላት ነበር። ስለ ጠበሏና ስለ ፍል ውሃዋ፣ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ ስለሚሸጠው ውሃዋ፣ በአቅራቢያዋ በቦዳ ስለ ተወለዱት ስለ ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ብዙ ተጽፏል። በዚህ ጽሑፍ የምናወሳው ግን ጸሐፊዎች እምብዛም ያልጎበኙትን፣ ለሕይወት ከውሃውም ይልቅ የቀረበውን አንድ ልማድ ነው፤ ይኸውም በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች የወለደች ሴት እንዴት ትጠየቅና ትጽናና እንደ ነበረ፣ ልጇም ከእቅፏ እየተወሰደ በሆስፒታል ማሞቂያ ውስጥ መተኛት በጀመረበት ዘመን ያ ልማድ ምን እንደ ደረሰበት ነው።

የምዕራብ ሸዋ ነዋሪ በብዛቱ የሜጫ ኦሮሞ ነው፤ በከተሞቹም ከልዩ ልዩ ስፍራ የመጡ አማርኛ ተናጋሪዎች፣ ጉራጌዎችና ሌሎችም አብረው ኖረዋል፤ ሃይማኖቱም አንድ ብቻ አይደለም። ሆኖም ስለ አራስ በሚሆነው ነገር የሁሉም ሕግ በአንድ አንቀጽ ይገናኛል፤ አራስ ብቻዋን አትተውም። ምጥ የያዛት ሴት ጮኻ ሳትጣራ የጎረቤት ሴቶች ነጠላቸውን እያጣፉ ይመጣሉ፤ «ማርያም ማርያም» እያሉ እመቤታችንን ይማጸናሉ፤ ወንዶቹ ከደጅ ሆነው፣ አንዱ ሌላውን በጨዋታ እያባበለ፣ ጆሯቸውን ግን ወደ ቤት አቅንተው ይጠብቃሉ። ልጁ ሲወለድ እልልታው ለወንድ በዝቶ ለሴት አንሶ ይሰማል፤ ይህ አድልዎ የልማዱ ነውር መሆኑን ሳንሸሽግ እንለፈው። ከዚያ በኋላ ገንፎው በመካከሉ ቅቤና በርበሬ ተቀምጦለት ይቀርባል፤ አጥሚቱ ይፈላል፤ ከራስጌዋ ብረት ይደረጋል፤ ልጁ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሣ ድረስ እናቷ ወይም አማቷ ወይም አንዲት ዘመድ ከአጠገቧ አትለይም። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለውን ሰላምታ ሳይል ወደ አራስ ቤት የሚገባ ሰው አልነበረም።

በሜጫ ኦሮሞ ዘንድ ደግሞ በአምስተኛው ቀን ሸነን የሚባለው ሥርዓት ይፈጸማል። ሴቶቹ ተሰብስበው አራሷን ያጥባሉ፣ መርቃ የሚሉትን ገንፎ አብረዋት ይበላሉ፣ ይዘፍኑላታል፣ ይመርቋታል፤ ሕፃኑም ጥቂት ጠንከር ሲል ለሀማቺሳ የባህላዊው እምነት መሪ ወደ ሆነው ወደ ቃሉው ወይም ወደ አንድ የተከበረ ሽማግሌ ተወስዶ ስም ይወጣለታል። ምጥ ሲጸና ማረም ወደምትባለው የወላዶች ጠባቂ የሚጸለየው የሴቶች ዜማና ለፅንስና ለልጆች ደኅንነት የሚደረገው የአቴቴ ሥርዓት የወንድ እጅ የማይገባባቸው የሴቶቹ የራሳቸው ሀብት ነበሩ። ላምበርት ባርተልስ የተባለው የኔዘርላንድ ካህን በምዕራብ ከሜጫ ሰዎች መካከል ኖሮ የወሊድ ልማዳቸውንና የወሊድ ዜማቸውን እ.ኤ.አ. በ1969 አሳትሟል፤ ከእርሱም ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ካርል ኤሪክ ክኑትሰን የተባለው ስዊድናዊ ሊቅ ስለ ሜጫ የቃሉ ሥርዓት የጻፈውን መጽሐፍ አውጥቶ ነበር። ይኸው ክኑትሰን በኋላ ዘመን በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ከፍተኛ ሹም መሆኑን ስናስብ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ወደ ቃሉው ደጅ የሚመጡበትን አገር አስቀድሞ ማጥናቱ ያለ ዋጋ አልቀረም እንላለን።

ይህን ሁሉ የመጽናናት ሥርዓት ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም፤ ነገሩ ግን ያው ነበር። ፈርታ የነበረችውን ሴት ፍርሃቷን እንድትናገር የሚያደርግ፣ የደከመችውን የሚያሳርፍ፣ ከእርሷ በፊት ያማጡ ሴቶች ታሪካቸውን እየነገሩ «እኔም እንዲሁ ሆኜ ነበር» የሚሏት ጉባኤ ነበር። ደመወዝ አይከፈልበት፣ ሹም አይሾምበት፤ ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት በብድር የሚዞር እንጂ። ዛሬ ያጠበችና ያበላች ነገ በተራዋ ትታጠባለች፤ ያልሄደች ሴት ግን በራሷ አራስነት ቀን ደጇን የሚረግጥ እንደማታገኝ ታውቅ ነበር።

ነገር ግን የልማዱን ምስጋና ብቻ ጽፎ ጉድለቱን መተው ታሪክ አይሆንም። ይህ ጉባኤ የተሠራው ልጇን ታቅፋ ለተቀመጠች እናት ነበር። ልጁ ሳይጠና የሞተ እንደ ሆነ ግን ያ ሁሉ ድምፅ በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላል። ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ፍትሐት አይደረግለትም፤ ለቅሶ አይቀመጡለትም፤ አስከሬኑ በጥቂት ሰዎች እጅ ከቤቱ ጓሮ ወይም ከአጥር ጥግ ይቀበራል። እናቲቱም ለማልቀስ ስትጀምር «እንኳን አንቺ ተረፍሽ፤ ልጅ ይተካል» ትባላለች። የሚሏት ሴቶች ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ ከእነርሱ አብዛኞቹ ራሳቸው አንድ ወይም ሁለት ልጅ በጓሮ የቀበሩ ናቸውና፣ በራሳቸው ላይ የሠሩትን ዝምታ በእርሷም ላይ ይሠሩታል። በአማራና በኦሮሚያ ገጠር ስለዚሁ ነገር ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጽሑፍ አያቶችን፣ እናቶችንና ገና ያላገቡ ልጃገረዶችን ጠይቆ ያገኘው ይህንኑ በጓሮ የተቀበረውን ኀዘን ነው። እድሮቻችንም ከዚህ የተለየ መንገድ አልሄዱም፤ ለሙሉ ሰው የሚያወጡትን ገንዘብና ድንኳን ለጨቅላ ሕፃን የማያወጡ ብዙዎች ናቸው።

ያ የታፈነው ኀዘን ግን መውጫ አላጣም። ልጅ እየወለደች የሚሞትባት ሴት ወደ ደብተራው ዘንድ ሄዳ የቅዱስ ሱስንዮስን ጸሎት በክርስትና ስሟ ታስጽፍ ነበር። ታሪኩ እንደሚለው ሱስንዮስ አዲስ የተወለደ ልጁን የገደለችበትን ውርዝልያ የተባለችውን በፈረስ ተከታትሎ፣ በአጋንንት መካከል አግኝቶ በጦር ወጋት፤ እርስዋም ስሙ ከተጠራበትና ጸሎቱ ከተገኘበት ስፍራ እንዳትደርስ ማለች። ብራናው በሴቲቱ ቁመት ልክ ተለክቶ ይጻፍና ተጠቅልሎ በቆዳ ተሰፍቶ ከአንገቷ ይንጠለጠላል። ሕዝቡ ይህን መከራ ሾተላይ ይለዋል፤ ዛሬ ሐኪሞች በዚሁ ስም የእናትና የልጅ ደም በአርኤች አለመስማማቱን ይጠሩበታል፤ መከላከያ መርፌም አለው፤ የክታቡም ነገር እንደ አጉል እምነት ተቆጥሮ ተንቋል። እኔ ግን ክታቡ ልጅ አዳነ ባልልም፣ ኀዘኗን ማንም ሊሰማው ለማይፈቅድ ሴት፣ ልጅ በሞተበት አባት ታሪክ ውስጥ የእርሷን ስም አስገብቶ መጻፉ ታላቅ ነገር ነበር እላለሁ። ማስረሻ፣ ምትኩ፣ ካሳ፣ ቢያድግልኝ የሚባሉት ሰዎችም፣ በኦሮሞው ወገን ሐምቢሳና ጅራታ የሚባሉትም ብዙዎቹ፣ ከእነርሱ በፊት ስለ ነበረው ልጅ በስማቸው ሲመሰክሩ ይኖራሉ።

የዝምታውን ምክንያት በቁጥር ማየት ይቻላል። በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት 49ኙ የመጀመሪያውን ወር ሳይፈጽሙ ይሞቱ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሙሉ ለቅሶ ይቀመጥ ቢባል መንደሩ ከለቅሶ ባልወጣ ነበር። በ2016 ቁጥሩ ወደ 29 ወርዶ፣ በ2019 በተደረገው አነስ ያለ ጥናት 33 ሆኖ ተገኝቷል። ጥበቡ እየበዛ ሲሄድ የሕፃኑ ሞት ከዕድል ወደ ጉድለት እየተለወጠ መጣ፤ ሊድን ይችል የነበረ ልጅ የሞተባት እናት ኀዘን ደግሞ ከቀድሞው ይልቅ የሚከብድ እንጂ የሚቀልል አይደለም።

በዚሁ በነቀምት መንገድ ላይ የሕፃናት ሕክምና ታሪካችን አንድ መራራ ምዕራፍ አለው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው የሕፃናት ነርስነትን ተምረው እ.ኤ.አ. በ1939 ተመረቁ። ሀገሪቱ ነጻ ከወጣች በኋላ ወደ ሀገራቸው ተመልሰው ከባለቤታቸው ከአቢይ አበበ ጋር ወደ ወለጋ ወረዱ፤ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ግን በነቀምት በወሊድ ምክንያት በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። የሌላውን ሰው ልጅ ለማዳን የተማረችው እጅ ለራሷ ጊዜ የሚደርስላት ሐኪም ቤት አላገኘችም። በእንግሊዝ ሀገር እነ ሲልቪያ ፓንክረስት ገንዘብ አሰባስበው በስማቸው ያሠሩት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ይኸውም ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሚባለው ነው። ከነቀምት እስከ አዲስ አበባ በዚህ ጎዳና ላይ ያለች ሴት ሁሉ፣ በንጉሥ ልጅ የደረሰው በእርሷ እንዳይደርስ ትጸልይ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

የመስተዋቱ ሣጥን፣ ማለትም የሕፃናት ማሞቂያው፣ ታሪክ ደግሞ ከሩቅ ይጀምራል። ስቴፋን ታርኒዬ የተባለው የፓሪስ አዋላጅ ሐኪም በአንድ የእንስሳት ማሳያ የጫጩት መፈልፈያ አይቶ፣ ያለ ወራቱ ለተወለደ ሕፃን ይህን የመሰለ ሙቀት የሚሰጥ ሣጥን አሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1880 በሥራ ላይ አዋለው። ተማሪው ፒየር ቡደን ግን ከመምህሩ ይልቅ ወደ እናቲቱ ተመለከተ፤ ከልጇ የተለየች እናት ልቧ ከልጇ እንዳይርቅ በመፍራት ወደ ክፍሉ እንድትገባና እንድታጠባ ይፈቅድ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጣው ዘመን ይህን ማስተዋል ረሳው። ማርቲን ኩኒ የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. ከ1903 እስከ 1943 በኒው ዮርክ በኮኒ አይላንድ የመዝናኛ ስፍራ ሕፃናትን በመስተዋት ሣጥን አኑሮ ተመልካችን በትኬት አስገብቶ በገንዘቡ ያሳክማቸው ነበር፤ የሚገርመው እንግዳው ሰው ከፍሎ ሕፃኑን ሲያይ፣ በታላላቆቹ ሆስፒታሎች የገዛ እናቱ በተላላፊ በሽታ ሥጋት ከመስተዋቱ ውጭ ቆማ እንድትመለከት መደረጓ ነው። እናት ወደ ክፍሉ ገብታ ልጇን በእጇ እንድትነካ በሰፊው የተፈቀደው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው።

ይህ ሥርዓት ወደ እኛ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ሲመጣም በፍጥነት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2000 በኢትዮጵያ በጤና ድርጅት ውስጥ የሚወልዱት ሴቶች ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ወደ 10 ደርሰው፣ በ2016 ደግሞ 26፣ በ2019 ግን 48 ሆኑ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በኛ አቆጣጠር የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ፣ የአምቡላንሱ መብዛትና የእናቶች ማቆያ ቤት በየጤና ጣቢያው መሠራቱ ሴቲቱን ከቤቷ አወጣት። በአምቦ ጠቅላላ ሆስፒታልና በአምቦ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍሎች ተቋቋሙ፤ ከጌዶና ከጊንደበረት፣ ከጀልዱና ከባኮ በኩል ያለ ወራቱ የተወለደው፣ ታፍኖ የተወለደው፣ ትኩሳት የያዘው ሕፃን ወደዚያ ይላካል። እንዲህ ሆኖ በሀያ ዓመት ውስጥ ቀድሞ በዚህ ሀገር ያልነበረ አንድ አዲስ ሰው ተፈጠረ፤ ይኸውም ልጁ በሕይወት ያለ፣ ነገር ግን በእቅፉ የሌለ ወላጅ ነው። ልማዳችን ለልጅ ደስታ ሥርዓት አለው፤ ለልጅ ሞትም ዝምታ አለው፤ በሁለቱ መካከል ተንጠልጥሎ ለሚውል ሰው ግን ምንም አላዘጋጀም።

የዚህን ወላጅ ውሎ በየሆስፒታላችን ደጃፍ የሚመላለስ ሁሉ ያየዋል። እናቲቱ ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ጋቢ ተከናንባ በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ የስፌቱ ቁስል ስለሚያማት ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብላለች። በየሦስት ሰዓቱ ነርሷ ስትጠራት እጇን ታጥባ፣ ጡቷን በእጇ አልባ በትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ወተቱን ታመጣለች፤ ከኩባያው ግርጌ የታየው እንገር አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ያለ ወራቱ የተወለደ ልጅ ከፅንሱ ጀምሮ ሲቆጠር 34ኛው ሳምንት እስኪደርስ ድረስ መጥባትንና መዋጥን አስተባብሮ አይችልምና፣ ያ ጠብታ በአፍንጫው በገባ ቀጭን ቱቦ ይወርድለታል። ልጁ ከማሞቂያው ውስጥ ዐይኑ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ከትንሽ እግሩ ሽቦ ተያይዞ ይተኛል፤ እናቱ ትንካው አትንካው ሳታውቅ ትቆማለች። በዚያው ሰዓት ከግቢው በር ውጭ አንዲት ሽማግሌ ሴት በፔርሙዝ አጥሚት፣ በክዳን ሣህን ገንፎ ይዘው ከጥበቃው ጋር ይከራከራሉ፤ የጥየቃ ሰዓት አልደረሰም ተብለዋል። እኒያ ሴት የያዙት በምዕራብ ሸዋ ለዘመናት አራስን ያቆመ ጥበብ ነው፤ ጥበቃው ደግሞ የታዘዘውን የሚፈጽም ሰው ነው፤ ጥፋቱ የሁለቱም አይደለም።

አባቱን ማንም አይጠይቀውም። በቀድሞው ሥርዓት ከደጅ ተቀምጦ እልልታ የሚጠብቅ ሰው ነበር፤ አሁን ግን ሥራው መሮጥ ሆኗል፤ ወረቀት ይዞ ወደ ላቦራቶሪ፣ ማዘዣ ይዞ ወደ ከተማ መድኃኒት ቤት፣ ስልኩን ይዞ ብድር ወደሚሰጠው ዘመድ። ሚስቱ ዐይኑን ስታይ እንዳትደነግጥ ፊቱን ይሸሽጋል፤ ከእርሷም ቀድሞ ሐኪሙ የነገረውን ክፉ ወሬ በሆዱ ይዞ ያድራል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት የሚፈቅደው ዕረፍት 3 ተከታታይ ቀን ነው፤ በማሞቂያ ያለ ልጅ ግን ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። በአራተኛው ቀን ሰውዬው ወይ ከሥራው ወይ ከልጁ ደጃፍ መቅረት አለበት ማለት ነው።

የወላጆቹ ጭንቀት ከየት እንደሚመነጭ በሌላው ዓለም ተመርምሯል። ማርጋሬት ማይልስ የተባለች አሜሪካዊት የነርስነት መምህርት ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመችው መመዘኛ የክፍሉን ድምፅና ትርኢት፣ የሕፃኑን መልክና ሁኔታ፣ የወላጅነት ሥራን መነጠቅን ለየብቻ ትለካለች፤ ከዚያ ወዲህ በየሀገሩ ሲለካ ብዙ ጊዜ በልጦ የሚገኘው የመጨረሻው ነው። የማሽኑ ጩኸት ያስፈራል፤ የሕፃኑ ማነስ ያሳዝናል፤ ከሁሉ የሚብሰው ግን ልጇን የማታጥብ፣ የማታቅፍ፣ የማታለብስ እናት መሆን ነው። የምዕራብ ሸዋ አሮጊቶች ይህን ያለ መመዘኛ ያውቁት ነበር።

ፍርሃቱ መሠረት የሌለው እንዳልሆነም እውነቱን መናገር ይገባል። ሉሉ ሙሄ የመሩትና በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በጅማ አምስት ሆስፒታሎች የተካሄደው፣ ያለ ወራታቸው ስለ ተወለዱ ሕፃናት የተደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ሲታተም፣ ወደ ክፍሉ ከገቡት 3852 ሕፃናት 1109 በ28 ቀን ውስጥ መሞታቸውን አሳየ፤ ከሞቱት 45 ከመቶ የሚሆኑት የሳንባቸው አለመብሰል፣ 30 ከመቶ የሚሆኑት የደምና የሳንባ የመሳሰለው ተላላፊ ሕመም፣ 14 ከመቶ የሚሆኑት መታፈን የገደላቸው ናቸው። ስለዚህ በኮሪደሩ የተቀመጠችውን ሴት «ምንም አይሆንም» ማለት ማጽናናት አይደለም፤ ማታለል ነው። የሚያጽናናት የልጇን ነገር በሚገባት ቋንቋ፣ በኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ፣ በየዕለቱ የሚነግራት ሰው ነው።

አሁን ወደ ደስ የሚያሰኘው ክፍል ደረስን። እናትን ከልጇ የለየው የባለጠጎች ጥበብ ሲሆን፣ መልሶ ያገናኛቸው የድሆች እጥረት ነበር። በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ማሞቂያ ለሕፃናቱ ባለመብቃቱ፣ ኤድጋር ሬይ የተባሉት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1978 ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ ራቁቱን አጣብቀው ማሳደር ጀመሩ፤ ኤክቶር ማርቲኔዝ ባልደረባቸው ሆነው ሥራውን አስፋፉት። በዓመቱ በኤስቶኒያ በታሊን ከተማ አዲክ ሌቪን የነርስ እጥረት ስለ ጸናባቸው እናቶቹን ሌሊትና ቀን ከክፍሉ አስገብተው የልጆቻቸው ዋና አስታማሚ አደረጓቸው፤ ካናዳውያን ከዚያ ተምረው ዛሬ ለዓለም ያስተምራሉ። በእኛም ሀገር ዶክተር ቦጋለ ወርቁ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይህንኑ በቦጎታ የተጀመረውን፣ ካንጋሮ የተባለውን እንክብካቤ ጀመሩ። ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ምርመራ፣ ከ2000 ግራም በታች ሆነው ከተወለዱት መካከል ገና ከመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ጀምሮ በእናታቸው ደረት ከታቀፉት 22.5 ከመቶ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት 38 ከመቶ ሞቱ፤ ከእናቶቹም ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ልጃቸውን በዚህ ዓይነት መታቀፋቸው ደስ እንዳሰኛቸው ተናገሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በአምስት ሀገሮች አስመርምሮ በ2021 ተመሳሳይ ውጤት ካገኘ በኋላ፣ በ2022 ባወጣው መመሪያ ሕፃኑ እንደ ተወለደ ወዲያው ከእናቱ ደረት እንዲውል፣ ቤተሰቡም በእንክብካቤው እንዲካፈልና ድጋፍ እንዲደረግለት፣ የወላጆች የሥራ ዕረፍትም ይህን ዓይነቱን ልጅ እንዲያስብ መከረ። ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎቻችን የካንጋሮ ክፍል የሚባል አለ። ልጁ ከሽንት ጨርቁ ሌላ ባርኔጣና ካልሲ ብቻ አጥልቆ በእናቱ ጡቶች መካከል ተደግፎ በነጠላ ይታሰራል፤ ትተኛለች፣ ትበላለች፣ ትጫወታለች፤ አራስ ቤቷን በደረቷ ላይ ተሸከመች እንደ ማለት ነው።

ቤተ ክርስቲያንም ለዚህ ጊዜ በሯን አልዘጋችም። ሞት የሚያሰጋው ሕፃን 40ና 80 ቀን ሳይሞላው እንዲጠመቅ ሥርዓቷ ይፈቅዳል። ብዙ ወላጆች ግን ይህን ስለማያውቁ ቀኑን ሲቆጥሩ ልጁ ያመልጣቸዋል፤ ከዚያም በኋላ በኀዘናቸው ላይ የኅሊና ወቀሳ ይጨመርባቸዋል። ከአምቦ በስተ ደቡብ በወንጪ ሐይቅ ደሴት ላይ ገዳሙ የቆመለት ቅዱስ ቂርቆስ፣ ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋር ወደ ፈላ ጋን የተጣለ ሕፃን መሆኑን፣ በሐምሌ 19 ቀንም ገብርኤል እንዳዳናቸው የሚታሰብ መሆኑን የማያውቅ የአካባቢው ክርስቲያን የለም። እናትና ልጅ በአንድ መከራ ውስጥ ሳይለያዩ የቆሙበት ይህ ታሪክ በዚያ ሀገር ለሚያገለግሉ ካህናት ትልቅ ስብከት ነው፤ ወደ ሆስፒታሉ ኮሪደር ይዘውት ቢመጡ መልካም ነበር።

የቀረው ምንድር ነው? እንደ እኔ አስተያየት ካንጋሮው የከፈተው በር ለእናቲቱ ብቻ ነው፤ ለጉባኤዋ አልከፈተም። ሐኪሞች ሕመም ይዛመታል ብለው መፍራታቸው ትክክል ነው፤ ከሞቱት 30 ከመቶውን የገደለው እርሱ ነውና። ግን እጇን በሳሙና የታጠበች አንዲት አያት ከክፍሉ ገብታ ልጁን በተራዋ ብትታቀፍ እናቲቱ ሁለት ሰዓት ትተኛለች፤ ይህ ሕግን ማፍረስ ሳይሆን ሥራን ማቅለል ነው። በኮሪደሩም አንድ ክፍል ቢሰጣቸው፣ ልጇ ድኖ የወጣች እናት ተመልሳ ገና የገባችውን ብታነጋግር፣ ያ ከሸነን ጉባኤ የተለየ ነገር አይሆንም። ልጁም የሞተ እንደ ሆነ፣ በጨርቅ ጠቅልለው በፍጥነት ለአባቱ ከማስረከብ ይልቅ፣ እናቱ ብትወድ እንድታቅፈው፣ ስም ብትሰጠው እንድትጠራው ጥቂት ደቂቃ መፍቀድ ምንም ወጪ የለበትም። የጓሮውን ዝምታ ከቤት አውጥተን ወደ ሆስፒታል ማዛወራችን መሻሻል ሊባል አይችልም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የጎረቤትህ ልጅ ማሞቂያ ገባ ሲባል በሰማህ ጊዜ፣ «ሲወጣ እንጠይቃለን» ብለህ አትቀመጥ። በመጀመሪያው ቀን ሂድ፤ አጥሚቱንም አስይዝ፤ እናቲቱን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» በላት፤ ልጇ ከእቅፏ ባይኖርም እርሷ አራስ ናትና። አባቱንም ወደ ጎን ጠርተህ ከበላ ስንት ቀን እንደ ሆነው ጠይቀው።